ስለ ጉብኝት ዕቅድህ እውነተኛው መልስ

ዌስት ፉትስክሬይ፣ ሜልቦርን
ቅዳሜ፣ ነሐሴ 4 ቀን 1988 ዓ.ም.

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ ለሕዝቅያስ፤

ይህን ደብዳቤ በእጅህ የሰጡህ ጎረቤትህ ሚስስ ሮብሰን ናቸው። አሁን አጠገብህ ተቀምጠው እንደሆነ ቀና ብለህ ተመልከት። ተነሥተው ሄደው ከሆነ ማንበብህን አቁምና ጥራቸው፤ እስኪመለሱም ድረስ የሚከተለውን አንቀጽ አታንብብ። ታናሽህ ነኝና አዝዤህ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ታዘዘኝ።

እናታችን ዐርፋለች። ያረፈችው በሐምሌ ገብርኤል ዕለት፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ እዚሁ ሜልቦርን ሆስፒታል ውስጥ ነው። ጸሎተ ፍትሐቷ ደርሷል፤ ቀብሯም በሥርዓቱ ተፈጽሟል። የፊታችን ቅዳሜ ከለንደን በሚመጣው ባቡር ውስጥ አትኖርም። ጋሼ አምሳሉ በስልክ የነገሩህ ጉዞ እውነት አልነበረም።

ነገሩን እንዲህ በአጭሩ ያስቀመጥሁት ከጭካኔ አይደለም። «ትንሽ አሟት ነበር»፣ «ደከም ብሏት ነበር» እያልሁ ገጽ ብሞላ ኖሮ፣ አንተ ከእያንዳንዱ መስመር ሥር ሌላ መስመር እየፈለግህ ትሠቃይ ነበር። ልጆች ሳለን ተረት ሲነገረን እንኳ መጨረሻውን ሳታውቅ መቀመጥ የማይሆንልህ አንተ ነበርህ። አሁን መጨረሻውን ስላወቅህ፣ የቀረውን በቀስታ ልትሰማኝ ትችላለህ።

ረቡዕ ጠዋት ፉትስክሬይ ገበያ ሽንኩርት ስትመርጥ ወደቀች። የደም ግፊቷን ታውቃለህ፤ አንጎሏ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። የእማዬ ወዳጅ እትዬ ማንተግቦሽ አብረዋት ስለነበሩ፣ አምቡላንስ እስኪደርስ ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ይዘዋታል። ከወደቀች በኋላ አልነቃችም። ሰዎች ለማጽናናት ሲሉ «አልተሠቃየችም» ማለት ይወዳሉ፤ እኔ ግን ይህን የምጽፍልህ ሐኪሙን ደጋግሜ ጠይቄ ካረጋገጥሁ በኋላ ነው። አልተሠቃየችም። በመጨረሻው ቀን ሐኪሙ ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ሁሉን በዝግታ አስረዳኝ፤ ሲጨርስም «አሁን ለቤተሰቡ ተርጉሚላቸው» አለኝ። እትዬ ማንተግቦሽ ልብስ ሊያመጡ ወደ ቤት ሄደው ነበር። ቤተሰቡ እኔ ነበርሁ።

ለምን ያን ዕለት አልደወልሽልኝም ትለኝ ይሆናል። ልደውል ነበር፤ የቁጥርህን ግማሽ ያህል መትቼም ነበር። ጋሼ አምሳሉ ናቸው መነጋገሪያውን ከእጄ ቀስ ብለው የወሰዱት። አንተ በስልክ እንጂ በአካል አታውቃቸውም፤ እዚህ የእድራችን ሰብሳቢ ናቸው። ከአገር ቤት የሞት ወሬ ሲመጣ መጀመሪያ የሚደርሰው ለእሳቸው ነው፤ እሳቸውም ሰው አሰባስበው ማለዳ የሐዘንተኛውን በር ያንኳኳሉ። መርዶ በስልክ አይነገርም ይላሉ፤ ሰው ሐዘኑን የሚሰማው በቤቱ፣ የሚይዙት ሰዎች ግራና ቀኝ ተቀምጠው ነው። አንተ ግን በሰሜን እንግሊዝ፣ በአኒክ ከተማ፣ ምናልባትም በመላው ኖርተምበርላንድ አውራጃ፣ ብቸኛው ሐበሻ ነህ። ራስህ ቀልደህበታል፤ «እዚህ በየኮረብታው ግንብ አለ፣ ሰላምታ የሚመልስልኝ ግን በግና ሚስስ ሮብሰን ብቻ ናቸው» ብለህ ጽፈህልን ነበር። የጉዞ ወረቀትህም ገና ስላላለቀ ወደዚህ መብረር እንደማትችል ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ ጋሼ አምሳሉ ለንደን ለጋሼ ተክለሃይማኖት ደወሉ፤ ካርቱም ሳለን የግቢ ጎረቤታችን ለነበሩት። እሳቸውም ሦስት ሰዎች ይዘው በባቡር ሊመጡልህ ተስማሙ። ሁሉም ሠራተኞች በመሆናቸው ከቅዳሜ በቀር አይመቻቸውም፤ አንተ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በአረጋውያኑ መኖሪያ ተረኛ ነህ። ፈቃድ እንድትጠይቅ ማድረግ ነበረባቸው።

የደወሉልህ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነው።

«ልጄ፣ ነሐሴ አሥራ አንድ ቅዳሜን ፈቃድ ጠይቅ» አሉህ።

አንተ ለምን አልሃቸው። ይህን ያህል ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ያን ሁሉ ምክር ሲመካከሩ ግን አንድም ሰው መልሱን አላዘጋጀም። ጋሼ አምሳሉ ወደ እኔ አዩ፤ ወደ እትዬ ማንተግቦሽ አዩ፤ ወደ ጣራው አዩ።

«እናትህ ልትመጣ ነው» አሉ።

ጩኸትህ እኔ ከቆምሁበት ድረስ ተሰማኝ። ጋሼ አምሳሉ ስልኩን ሲዘጉ በዚህ ክረምት ግንባራቸውን ላብ አጥምቆት ነበር።

«አመለጠኝ» አሉ። «ለምን ሲለኝ አፌ ላይ የመጣው እሱ ነው።»

«ምን ይደረግ» አሉ እትዬ ማንተግቦሽ። «ሌላው ቢቀር ቤቱን አጽድቶ ይጠብቃቸዋል።»

«እትዬ!»

«ምን ላድርግ ልጄ? የፈሰሰ ውኃ አይታፈስ።»

ውሸቱ የያዘው ሥሩ እውነት ስለነበረ ነው። እማዬ የዚህን አገር ዜግነት አግኝታ ፓስፖርቷን ከተቀበለች ወዲህ ለዘመን መለወጫ አንተ ዘንድ ለመሆን በእርግጥ ታስብ ነበር። አንተም ይህን ታውቃለህ። ስለዚህ ልትጠረጥር የምትችልበት አንድም ምክንያት አልነበረህም። ራስህን ሞኝ ነበርሁ ብለህ እንዳትወቅስ ይህን በተለይ እጽፍልሃለሁ።

እማዬን የምታስጎበኝበትን ዕቅድ ይዘህ የደወልኸው ባለፈው እሑድ ነው። ያን ሰዓት ከዚህኛው ጫፍ እንዴት እንደነበረ ማወቅ ይገባሃል። ሳሎኑን ለቀስተኛ ሞልቶት ነበር፤ ሶፋው ወደ ጓሮ ወጥቶ ፍራሽ ተነጥፏል። ጋሼ አምሳሉ ስልኩን አንሥተው ድምፅህን ሲሰሙ እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

«ጸጥ በሉ! ልጁ ነው! ሕዝቅያስ ነው!»

ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። አንዲት ሴት የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች። ጋሼ አምሳሉ ጆሯቸው ስለሚከብድ የሰሙትን ጮክ ብለው የመድገም ልማድ አላቸው፤ በዚህም የተነሣ አንተ በደስታ የምትናገረውን ሁሉ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ሰማው።

«እሑድ ግንብ ያሳያታል። ደረጃ አለው ነው የሚለው። ትወጣለች ወይ?»

እትዬ ማንተግቦሽ እንባቸውን በመዳፋቸው እየጠረጉ «ኧረ በዚያ ጉልበቷ! አይሆናትም በሉት» አሉ።

«አይሆናትም ልጄ። … እህ? ዊልቸር ከሥራ ቦታው ይዋሳል። ኦኬ፣ ኦኬ።»

«ዊልቸር? ውባንቺ?» እትዬ ማንተግቦሽ ለአንድ አፍታ የእማዬን ሞት ረስተው ነበር። «ሞታ ነው ዊልቸር ላይ የምትቀመጠው!»

ያሉትን የሰሙት ካሉት በኋላ ነው። አፋቸውን በሁለት እጃቸው ያዙ፤ ግን ዘግይተው ነበር። ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ፈነዳ። ጋሼ አምሳሉ የመነጋገሪያውን አፍ በመዳፋቸው ደፍነው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ከዚያ መዳፋቸውን አንሥተው «ምንም አይደል ልጄ፣ ልጆቹ የዚህን አገር እግር ኳስ፣ ፉቲ እያዩ ነው፤ ቡድናችን ቡልዶግስ እየተሸነፈ ነው» አሉህ። አንተም ሳቅህ። እማዬን ስትጠይቅ ቤተ ክርስቲያን ሄዳለች አሉህ። በመጨረሻ እኔን ጠየቅህ።

«የኖርተምበርላንዱን መጽሐፍ አሳየሻት አይደል?» አልኸኝ። «የትኛውን ቦታ ወደደች? እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ አትዋሺም።»

«ሙሉውን በደብዳቤ እመልስልሃለሁ» አልሁህ።

«ደብዳቤሽ ሳይደርስ እሷ ትደርሳለች እኮ!» ብለህ እንደገና ሳቅህ። መነጋገሪያውን ለጋሼ አምሳሉ መልሼ ሰጠሁ። ከዚህ የሚቀጥለው ያ መልስ ነው። በዚያ ቤት ከነበርነው መካከል ጥያቄህን በእውነት የመለሰልህ ማንም አልነበረም፤ ጥያቄው ግን እውነተኛ መልስ ይገባዋል።

ስለ ኖርተምበርላንድ የሚናገረውን መጽሐፍ ከዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት የተዋስሁት በግንቦት ነበር። ከትምህርት ስመለስ የማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋዋለን፤ እኔ እተረጉማለሁ፣ እሷ ትፈርዳለች። በዕቅድህ መጀመሪያ ያስቀመጥኸውን የአኒክን ግንብ ፎቶግራፍ አይታ «ዛሬም ሰው ይኖርበታል?» ስትል ጠየቀችኝ። መስፍኑና ቤተሰባቸው ይኖሩበታል አልኋት።

«ባለቤቱ እያለ ሰው እየገባ ያያል? መኝታ ቤቱንም?»

«የተወሰኑ ክፍሎችን ብቻ ነው እማዬ።»

«ይሁን። እኔ ግን ሳልጠራ የሰው ቤት አልገባም።»

ስለዚህ ችግሩ ደረጃው ብቻ አልነበረም። ሚስስ ሮብሰን በዚያ ግንብ ለጎብኚዎች ሲያስረዱ የሚውሉ በመሆናቸው ደረጃ በሌለው በር ሊያስገቧት ማመቻቸታቸውን ነግረኸናል። አጠገብህ ናቸውና አሁኑኑ አመስግንልኝ። እሳቸው በአንደበታቸው «ግቢ» ቢሏት ትገባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ እርግጠኛ ግን አይደለሁም።

የሮማውያኑን ረጅም ቅጥር ስታይ «ማንን ፈርተው ነው ይህን ሁሉ ድንጋይ የደረደሩት?» አለች። ከሰሜን የሚመጡትን ሰዎች አልኋት፤ ብዙም አልገረማትም። የገረማት፣ ከቅጥሩ አጠገብ በነበረ የወታደር ሰፈር በስስ እንጨት ላይ የተጻፉ ደብዳቤዎች ከመሬት ውስጥ መገኘታቸው ነው። ከመካከላቸው አንዱ፣ አንድ ሰው እዚያ ብርድ ውስጥ ላለ ወታደር ካልሲና የውስጥ ሱሪ እንደላከለት ይናገራል። እማዬ እስኪያስላት ሳቀች።

«እናቱ ናታ!»

«ላኪው ማን እንደሆነ አይታወቅም ይላል መጽሐፉ።»

«መጽሐፉ ባያውቅ እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። በማግስቱ በባቡር እስከ ከተማው ዳርቻ፣ ሆፐርስ ክሮሲንግ ድረስ ሄዳ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ገዛችልህ። መሳቢያዋ ውስጥ አለ፤ ለብቻው እልክልሃለሁ።

ቅዱስ ደሴት ስለሚሉት ቦታ ብዙ ተነጋግረናል። ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወጥቶ መንገዱን እንደሚያሰጥመው፣ ሲሸሽ ደግሞ ሰው በደረቅ እንደሚሻገር ስነግራት ወደደችው። «ለገዳም የሚሆን ቦታ ይህ ነው፤ ወሬኛ አይበዛበትም» አለች። ጣራ የሌለውን ቤተ ክርስቲያን ስታይ ግን ገጹን በጣቷ ይዛ ቆየች።

«መነኮሳቱስ?»

«አንድ ንጉሥ ገዳማቱን ሁሉ ዘጋ። ንብረታቸውን ወሰደ።»

«የምን ንጉሥ? የጠላት?»

«የራሳቸው ንጉሥ ነው።»

ገጹን ገለጠች። «እሱስ ይብሳል» አለች። አባታችን በገዛ አገራችን ሰዎች ከቤት የተወሰደበትን ማለዳ እንዳሰበች ገባኝ፤ አንተም ይገባሃል። ስለ ማዕበሉ ሰዓት ያመጣኸውን ሠንጠረዥ፣ ፍልሰታም ስለሆነ የጾም ምግብ የሚሠራ ቤት በደሴቱ ላይ ፈልገህ ማግኘትህንም ስትነግራቸው፣ ጋሼ አምሳሉ ይህን ደግመው ሊናገሩት አልቻሉም፤ እኔም የሰማሁት በኋላ ከእሳቸው ነው። ዝም ያሉብህ ለዚህ ነው እንጂ መስመሩ ተቋርጦ አልነበረም።

የወደደችውን ጠይቀኸኛል። የወደደችው ዋርክወርዝ አጠገብ ያለውን፣ ከወንዙ ማዶ ከአንድ ዐለት የተፈለፈለውን ትንሽ የጸሎት ቤት ነው። በታንኳ እንደሚደረስበት ስነግራት «እንግዲያው ይኸኛውን አያለሁ፤ በታንኳ ከሆነ ጉልበቴም አይታዘበኝ» አለች። ከታንኳው ከተወረደ በኋላ ወደ ዋሻው የሚያወጡ የድንጋይ ደረጃዎች እንዳሉ መጽሐፉ ይናገራል። አልተረጎምሁላትም።

ከዚህ በኋላ የተናገረችውን ቃል በቃል ጽፌልሃለሁ፤ ምንም አልጨመርሁበትም። መጽሐፉን ዘግታ ወደ እኔ ገፋችና «አንቺ ቦታ ለማየት የምሄድ መስሎሻል» አለችኝ። «እሱ ቦታውን ያሳየኛል፣ እኔ እሱን አያለሁ።» ሙሉው መልስ ይህ ነው ወንድሜ። በእሷ ፈንታ እነዚያን ቦታዎች እንድትዞር አልጠይቅህም። መጻሕፍት ለሐዘንተኛ እንዲህ ያለ ነገር ማዘዝ ይወዳሉ፤ እሷ ግን ያለ አንተ ድንጋዩ ለምንም የሚበጅ አልመሰላትም፤ አንተም ያለ እሷ እንዲሁ ቢመስልህ አልፈርድብህም።

አሁን ይህን ደብዳቤ ለምን እንደጻፍሁ ልንገርህ፤ ምክንያቱም በዚህ የተነሣ ብዙ ሰው ይቀየመኛል። ሐሙስ ዕለት ጋሼ አምሳሉ ዘንድ ሄድሁ። ቤታቸው ብቻቸውን ነበሩ።

«ጋሼ፣ ሕዝቅያስ ባቡር ጣቢያ ወጥቶ ነው የሚጠብቃቸው» አልኋቸው። «ያን ዊልቸር ይዞ። አራቱ ሰዎች ሲወርዱ ከኋላቸው ማንን ነው የሚፈልገው?»

«ቤት እስኪገቡ ምንም አይሉትም።»

«ከጣቢያው እስከ ቤቱስ?»

«ደክሟት ለንደን አድራለች፤ ነገ ትመጣለች ይሉታል።»

«እሱ ባዶ ዊልቸር እየገፋ አብሯቸው ይሄዳል ማለት ነው?»

 እኔም ተቆጥቼ ነበርና፣ ያልታረመ ውሸት የሚናገረው ሰው ደግ ስለሆነ እውነት አይሆንም አልኋቸው። ለታላቅ የማይባል ነገር ነው፤ አሁንም ግን ትክክል እንደሆነ አምናለሁ። ጋሼ አምሳሉ አልተቆጡም። 

«እኔ በስደት ሱዳን፣ ገዳሪፍ ሳለሁ» አሉ፣ «የአባቴን ሞት በወረቀት ነው ያነበብኩት። ሰላምታ ነው ብዬ ፖስታውን አውቶቡስ ውስጥ ከፈትኩት። ስጮህ ሾፌሩ ያበድኩ መሰለውና መሐል መንገድ አወረደኝ። ዛፍ የለ፣ ሰው የለ። ማንም ሳይዘኝ መሬት ስቧጥጥ ዋልኩ። ያን ቀን ማልኩ እየሩ፤ የማውቀው ሰው ብቻውን አይሰማም አልኩ። ውሸታም በዪኝ፤ ይሁን። ብቻ ልጁ ብቻውን አይሁን።»

ከዚያ ወጥቼ ባቡሩን ትቼ በእግሬ ወደ ቤት ሄድሁ። ጋሼ አምሳሉ ትክክል ናቸው፤ ሰው ብቻውን እንዲህ ያለ ነገር ሊሰማ አይገባም። እኔም ትክክል ነኝ፤ ሰው ስለ እናቱ ሞት ለማወቅ ሲል በጣቢያ መሐል የማትመጣ እናት ሊጠብቅ አይገባም። ሁለት ትክክል ነገሮች ሲጋጩ ከሁለቱ አንዱን መጣል የሚቀልል ነው፤ እኔ ግን ሁለቱንም የሚይዝ መንገድ ፈለግሁ። ሥርዓታችን ሐዘንተኛ አጠገብ ሰው ይኑር ይላል፤ ሰውየው ሐበሻ ይሁን አይልም።

ስለዚህ ይህን በሚስስ ሮብሰን ስም ባለ ትልቅ ፖስታ ውስጥ አድርጌ ዛሬ በፈጣን መልእክት እልከዋለሁ፤ እስከ ረቡዕ ይደርሳል ብለውኛል። ለእሳቸው ለብቻው በእንግሊዝኛ የጻፍሁት አጭር ነው። የሆነውን ነግሬያቸዋለሁ፤ መናገሩን ግን አልጣልሁባቸውም፤ እሱ የእኔ ድርሻ ነው። የለመንኋቸው ካንተ አጠገብ እንዲቀመጡና አንብበህ እስክትጨርስ እንዳይነሡ ብቻ ነው። ሻይ ሊያፈሉም ወደ ማእድ ቤት እንዳይሄዱ ጨምሬ ጽፌአለሁ፤ እዚህ እንዳየሁት ይህ ሕዝብ ሰው ሲያዝንበት መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ውኃ ማፍያው ነው። ጮክ ብለህ ብታለቅስ እንዳይደነግጡ፣ በእኛ ዘንድ ይህ ደንብ መሆኑንም ነግሬያቸዋለሁ። ስለዚህ አልቅስ። ተፈቅዶልሃል።

አሁን ደግሞ የምጠይቅህ አንድ ነገር አለ፤ ለእኔ ከጻፍሁት ሁሉ የከበደኝ ይህ ነው።

ለጋሼ ተክለሃይማኖት ደውልና ጣቢያ ድረስ እንደማትወጣ፣ ቤትህ ሆነህ እንደምትጠብቃቸው ንገራቸው። እስከዚህ ድረስ እውነት ነው። ቅዳሜ ግን በሩን ስትከፍትላቸው እንዳልሰማህ ሁን። እነዚህ ሰዎች ከአንድ ሳምንት የድካም ሥራ በኋላ በሌሊት ተነሥተው፣ አራት ሰዓት ለሚያህል ጊዜ በባቡር ተቀምጠው፣ ማን መጀመሪያ ይናገር እያሉ ሲጨነቁ ነው የሚመጡት። ጋሼ ተክለሃይማኖት «ቁጭ በል» ሲሉህ ቁጭ በል። «እናትህ የታለች?» ብለህ መጠየቅ ባትችል፣ ዝም ብለህ ፊታቸውን እይ። ሲነግሩህም እንደ አዲስ ስማው። ይያዙህ። በደንብ ይያዙህ፤ ሚስስ ሮብሰን የማይችሉት አያያዝ አለና። ወደ ሜልቦርን ደውለው «አርድተነዋል» ሲሉ ጋሼ አምሳሉ ከገዳሪፍ መንገድ ላይ ጀምሮ የተሸከሙትን ለአንድ ቀን ያወርዱታል። እኔም «እንዴት ሆነ?» ብዬ እንደማላውቅ ሰው እጠይቃቸዋለሁ።

ይህ ውሸት መሆኑን አውቃለሁ። ስም ልለውጥለት አልሞከርሁም። አርባዋ ካለፈ በኋላ ለጋሼ አምሳሉ ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሉኝንም እቀበላለሁ። እስከዚያ ድረስ ግን እባክህ ዋሽልኝ፤ ለእነሱ ስትል።

የእሷ ነፍስ ከደጋጎቹ ጋር ትረፍ። አንተን በዚያ በሩቅ አገር፣ ማንም ቋንቋህን በማይሰማበት ከተማ፣ ያኖረህ አምላክ ብቻህን አይተውህ። እንቅልፍ ይስጥህ። ለሚስስ ሮብሰን የደግነታቸውን ይክፈልልኝ።

እዚህ ሰው መምጣቱን እየቀነሰ ነው፤ ሶፋውንም ትናንት ወደ ቦታው መልሰውታል። እኔ ደኅና ነኝ። አንብበህ ስትጨርስ ስልክ ብትደውል በየትኛውም ሰዓት ይሁን አነሣለሁ፤ ማንንም ስለማትቀሰቅስ አትሳቀቅ።

የምትወድህ እህትህ
እየሩ